«ክፈት» ሲባል ማን ይክፈት?

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል የአገራችን ሰው። ተረቱን ከመልመዳችን የተነሣ ልብ አንለውም እንጂ በውስጡ ትልቅ የሕግ ትምህርት አለበት። አጥር ማለት ከእሾህና ከጭራሮ የተሠራ ደካማ ነገር ነው። ጉልበት ያለው ሰው በአንድ ክንዱ ገፍቶ ይጥለዋል። ታዲያ አላፊ አግዳሚው የማይነካው ለምንድን ነው ቢሉ፣ ከእንጨቱ በስተኋላ ሰው መኖሩን ስለሚያውቅ ነው። አጥሩን የሚያስከብረው የባለቤቱ ክብር ነው፤ አጥር የነካም ሰው እንደ ነካ ይቆጠራል።

ዛሬ የብዙዎቻችን አጥር ኪሳችን ውስጥ ገብቷል። ስልክ እንለዋለን እንጂ ስልክነቱ ከሥራዎቹ ሁሉ ትንሹ ነው። የባንክ ደብተሩ፣ የፎቶግራፍ አልበሙ፣ የሐኪም ማዘዣው፣ የፍቅር ደብዳቤው፣ የዕዳው ዝርዝር፣ ከወንድም ጋር በሌሊት የተደረገው ጭቅጭቅ፣ ሁሉም መዳፍ በምታክል ዕቃ ውስጥ ታጭቋል። በድሮው ዘመን አንድ መርማሪ የአንድን ሰው ኑሮ እንዲህ ጠልቆ ልወቅ ቢል ቤቱን፣ ሳንዱቁን፣ ጎረቤቱን፣ የነፍስ አባቱን ሳይቀር መበርበር ነበረበት። ዛሬ አንዲት የምስጢር ቁጥር ካገኘ ይበቃዋል።

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፦ መንግሥት በወንጀል ምርመራ የያዘውን የተቆለፈ ስልክ ራሱ መክፈት ሲያቅተው፣ ጓጉንቸሩን የሠራውን ኩባንያ «ና ክፈትልኝ» ብሎ የማስገደድ ሥልጣን ይገባዋልን? ጥያቄው የፈረንጆች ይመስላል። ፍርድ ቤት ቀርቦ በይፋ የተሟገቱበትም እነሱ ናቸው። ነገር ግን መንገዱ ዞሮ ዞሮ እኛም ቤት፣ ከእንጅባራ ወደ ጉባ በሚወስደው መንገድ ላይ እስካለችው ጫግኒ ድረስ ይመጣል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ነውና ከሥሩ እንጀምር።

* * *

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2 ቀን 2015 በካሊፎርኒያ፣ ሳን በርናርዲኖ በምትባል ከተማ ባልና ሚስት ተኩስ ከፍተው 14 ሰው ገደሉ። ሁለቱም በዚያው ዕለት ከፖሊስ ጋር ተታኩሰው ሞቱ። የባልየው የሥራ ስልክ፣ አይፎን 5ሲ፣ እንደ ተቆለፈ ኤፍ.ቢ.አይ. እጅ ገባ። ስልኩ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ስለ ነበር መሥሪያ ቤቱ እንዲከፈት ፈቅዷል። የፍርድ ቤት ማዘዣ አለ። የያዘው ሰው ሞቷል። የጎደለው ቁጥሩ ብቻ ነበር።

ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ቢሆን ሊሆኑ የሚችሉት አማራጮች ከ10,000 አያልፉም፤ አንድ ኮምፒዩተር አንድ በአንድ እየሞከረ በአጭር ጊዜ ይደርስበታል። ይሁን እንጂ ስልኩ ይህን እንዳይፈቅድ ሆኖ ነው የተሠራው። በተሳሳተ ቁጥር መላልሰው ሲሞክሩት ጊዜ ያስጠብቃል፤ አሥር ጊዜ ከተሳሳቱ ደግሞ ውስጡ ያለውን ለዘለዓለም እንዲያጠፋ ሊታዘዝ ይችላል። የሠራው አፕል ኩባንያ ራሱ መክፈቻ የለውም። እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ባወጣቸው የስልክ ሶፍትዌሮች ላይ ቁልፉን ለባለቤቱ ብቻ ትቶ እጁን አውጥቷል።

መንግሥት ታዲያ ምን አለ? «መክፈቻ ከሌለህ ሥራልኝ» አለ። ስልኩ ጊዜ እንዳያስጠብቅና ራሱን እንዳያጠፋ የሚያደርግ አዲስ ሶፍትዌር ኩባንያው ጽፎ እንዲያስረክብ ጠየቀ። ዳኛ ሼሪ ፒም እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2016 በዚሁ መሠረት አዘዙ። የተጠቀሰው ሕግ እ.ኤ.አ. በ1789 የወጣ ነው። ያን ጊዜ እንኳን የእጅ ስልክ ቴሌግራፍም አልነበረም። የኩባንያው አለቃ ቲም ኩክ እንቢታቸውን በግልጽ ደብዳቤ ለደንበኞቻቸው አሳወቁ። ክርክሩ ሊሰማ ሲል መንግሥት «ሌሎች ከፈቱልኝ» ብሎ ማርች 28 ቀን ጥያቄውን አነሣ። የከፈተው አዚመዝ የተባለ የአውስትራሊያ ድርጅት እንደ ነበር ዋሽንግተን ፖስት ከአምስት ዓመት በኋላ ጽፏል። ስልኩ ተከፈተ፤ ጥያቄው ግን እንደ ተቆለፈ ቀረ።

ነገሩን በሰፈራችን ምሳሌ እንየው። አንድ ቁልፍ ቀራጭ የደንበኛውን ቁልፍ ትርፍ ቅጂ በመሳቢያው አስቀምጧል እንበል። ዳኛ «አምጣ» ቢለው ያመጣል፤ በእጁ ያለውን ማስረጃ መስጠት የማንኛውም ዜጋ ግዴታ ነው። ቅጂ ከሌለውስ? «የሰፈሩን ሰው በር ሁሉ የሚከፍት አንድ ቁልፍ ቅረጽ፤ ለዛሬ በአንዱ በር ላይ ብቻ እንጠቀምበታለን» ቢባል ያው ግዴታ ነውን?

እዚህ ላይ ለመንግሥትም ተገቢውን መልስ መስጠት ያስፈልጋል። ሰውን ማሠራት ብቻውን ነውር አይደለም። መንግሥት ሐኪምን አስከሬን እንዲመረምር ያዝዛል፤ አስተርጓሚን ችሎት ቀርቦ እንዲያስተረጉም ይጠራል። ኩባንያውም ደካማ ገበሬ አይደለም፤ ከብዙ መንግሥታት የበለጠ ሀብት ያለው ነጋዴ ነው። «ለደንበኞቼ ምስጢር ስል» ሲል ለገበያውም ሲል እንደሆነ ማንም ያውቃል። ስለዚህ ክርክሩን በኩባንያው ንጽሕና ላይ ብናቆመው ይወድቅብናል። መመዘኛው ሌላ ነው፦ የተሠራው ነገር ማንን ይነካል? የሐኪሙ ምርመራ የሚነካው አንድ አስከሬን ነው። ለአንድ ስልክ የተሠራ መክፈቻ ግን የዚያኑ ዓይነት ስልክ የያዘውን ሁሉ ይነካል።

«ለአንድ ስልክ ብቻ ነው» መባሉም ብዙ አልቆየም። ያን ሰሞን የማንሃተን ዐቃቤ ሕግ ብቻቸውን 175 የተቆለፉ አይፎኖች ተራ እየጠበቁ መሆናቸውን ተናግረዋል። በዚያው ፌብሩዋሪ ማብቂያ ደግሞ የብሩክሊኑ ዳኛ ጄምስ ኦረንስታይን በአንድ የአደንዛዥ ዕፅ ጉዳይ ላይ ያው የ1789 ሕግ ለመንግሥት ይህን ሥልጣን አይሰጠውም ብለው ወሰኑ። አንድ ሕግ፣ አንድ ወር፣ ሁለት ዳኞች፣ ሁለት ፍርድ።

ለሕግ ተብሎ የተሠራ በር በሕግ ሰዎች እጅ ብቻ እንደማይቀርም ታይቷል። በግሪክ አገር የቮዳፎን ኩባንያ የስልክ ማዕከላት ውስጥ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ለሚደረግ ጠለፋ ብቻ እንዲያገለግል የተዘጋጀ መሣሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 እና በ2005 ዓ.ም. ያልታወቁ ሰዎች በዚያው መሣሪያ ገብተው የጠቅላይ ሚኒስትሩን የኮስታስ ካራማንሊስን ጨምሮ የመቶ ያህል ባለሥልጣናትንና ታዋቂ ሰዎችን ስልክ ለወራት ሲሰሙ ኖሩ። መንግሥት ለራሱ የከፈተው ቀዳዳ የራሱን የመንግሥቱን መሪ አጋለጠ። ጓጉንቸር ወንጀለኛና ጨዋ አይለይም ብለን እናማርራለን፤ ቀዳዳም ሹምና ሌባ አይለይም።

* * *

እኛ ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ እንግዶች አይደለንም። በጎጃም አውጫጭኝ፣ በሸዋ አፈርሳታ ይባል የነበረውን የአባቶቻችንን የምርመራ ሥርዓት እናስታውስ። ከብት ሲሰረቅ፣ ወይም ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲሰወር፣ የአካባቢው ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ እንዲሰበሰብ ይታዘዛል። የቀረ ይቀጣል። ሽማግሌዎች ይሰየማሉ። ሰዉ የሚያውቀውን በመሐላ እንዲያወጣ ይጠየቃል፤ ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስም ወደ ማሳ መመለስ የለም። ጨርሶ ካልተገኘ ጉዳቱን አገሬው እንዲያዋጣ ይደረግ ነበር።

አውጫጭኝ አንዱን ጥፋተኛ ለማግኘት ሺውን ንጹሕ የሚያግት ሥርዓት ነበር። የዛሬው «ለሁሉም የሚሆን መክፈቻ ይሠራ» የሚለው ሐሳብ የዚሁ ልጅ ነው፤ አንዱን ለመያዝ የሁሉም በር ይላላ ማለት ነውና። ነገር ግን ከልጁ አባቱ ሳይሻል አይቀርም። አውጫጭኝ በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው ፊት ይካሄድ ነበር። የተጠየቀ ሰው መጠየቁን ያውቃል። ጎረቤቱም ያያል። ደግሞም ያበቃል፤ ሌባው ሲወጣ ሰዉ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በኩባንያ በኩል የሚከፈት ስልክ ግን ባለቤቱ ሳይሰማ፣ ምስክር ሳይቆም ይከፈታል። የመጨረሻ ቀንም የለውም።

የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ሕግ መሠረት ለኩባንያዎች የሚሰጠው የዚህ ዓይነቱ ትእዛዝ በምስጢር የሚያዝ ነው፤ የታዘዘው ወገን መታዘዙን እንኳን እንዳይናገር ይከለከላል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ለአፕል መድረሱ በጋዜጦች ተሰማ፤ ኩባንያውም ከጥቂት ቀናት በኋላ ጠንካራውን የምስጠራ አገልግሎቱን ከእንግሊዝ ገበያ አወጣ። የእንግሊዝ ዜጋ አጥሩ መላላቱን ያወቀው በወሬ ነው።

* * *

እስቲ አሁን ነገሩን ጫግኒ እናድርሰው። ሐሳብ የሚፈተነው በሚያምምበት ቦታ ነውና።

ጫግኒ በአዊ ዞን ያለች የጓንጓ ወረዳ ከተማ ናት። ከእንጅባራ ተነሥቶ ወደ ግልገል በለስና ወደ ጉባ፣ ማለትም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደተመረቀው ታላቅ ግድብ የሚወስደው መንገድ በእሷ በኩል ያልፋል። በ2013 ዓ.ም. በዚሁ መንገድ በተቃራኒው አቅጣጫ ሌላ ጉዞ ነበረ። በመተከል ዞን ጥቃት የሸሹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ጫግኒ ደርሰው፣ ብዙዎቹም ራንች በተባለው መጠለያ ሰፈሩ። ከጥቃቶቹ ሁሉ የከፋው ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ መተከልን በጎበኙ ማግስት፣ በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ የተፈጸመው ነው። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በወቅቱ ባወጣው መግለጫ ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን አስታውቋል።

እንበልና በዚያ መጠለያ ልጇን ቀብራ የመጣች አንዲት እናት ፊት ቆመን ይህን የአጥርና የባለቤት ፍልስፍና እናወራላት። ከገዳዮቹ የአንዱ ስልክ ተይዟል እንበል፤ ማን እንደላከው፣ ማን መሣሪያ እንዳቀበለው፣ ነገ የትኛው መንደር ተራው እንደሆነ በውስጡ ተጽፏል እንበል። ስልኩ ተቆልፏል። «የእኔ ልጅ ደም ይበልጣል ወይስ የዚህ ነፍሰ ገዳይ ምስጢር?» ብትለን ምን እንመልሳለን? ለዚህች ሴት መልስ የሌለው ፍልስፍና አዲስ አበባ ውስጥ ቡና እየጠጡ የሚያወሩት ጨዋታ ብቻ ነው።

መልሱ የሚጀምረው እውነቷን በመቀበል ነው። የነፍሰ ገዳይ ስልክ የተቀደሰ ዕቃ አይደለም። ፍርድ ቤት አይቶ ካዘዘ፣ መርማሪው በራሱ ሙያና በራሱ መሣሪያ ያን ስልክ ሊከፍተው ይገባል። ኩባንያው በእጁ ያለውን፣ ማለትም ማን ለማን መቼ ደወለ፣ ከየትኛው ምሰሶ ሥር ሆኖ ደወለ የሚለውን መዝገብ እንዲሰጥ ሊታዘዝም ይገባል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች ይህን የመሰለውን መረጃ ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያዝዛል። የደዋይ መዝገብ ቃላቱን ባይነግርም የሰንሰለቱን ቀለበቶች አንድ በአንድ ያሳያል። መርማሪ ስልኩ ስለተቆለፈ ዕውር ሆኗል ማለት ግማሽ እውነት ነው።

ቀጥሎ ሌላ ጥያቄ አለ። በኩጂን ያጠፋት የተቆለፈ ስልክ ነበርን? ጥቃቱ ሲፈጸም በቦታው የጸጥታ ኃይል እንዳልነበረ ኮሚሽኑ በጊዜው ተናግሯል። የጎደለው ጠባቂ ነበር። በጠባቂ ጉድለት የደረሰን ጥፋት በቁልፍ ማሳበብ «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ» ይሆናል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ይህቺው እናት ራሷ ስልክ አላት። የአጥቂዎቹን ፊት አይታለች፤ ስም ታውቃለች፤ ምናልባትም የአንድ ባለሥልጣን ስም። ለጋዜጠኛ፣ ለመብት ተቆጣጣሪ፣ ውጭ አገር ላለ ወንድሟ «ያየሁት ይህ ነው» ብላ ልትልክ ትፈልጋለች። የምስክሮችና የወንጀል ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 የወጣው ምስክር በሰላም ውሎ ማደር እንዲችል ነው። የተላላ ጓጉንቸር ግን መጀመሪያ የሚያጋልጠው እሷን ነው። ገዳዩ ስልኩን ወንዝ ውስጥ ጥሎ፣ ቁጥሩን ለውጦ፣ ሰው ልኮ ይነጋገራል፤ ዝግጅቱ ለክፋት ነውና። እሷ ያላት ያቺው አንዲት ስልክ ናት። ስለዚህ የተበዳይ እናት ለምትጠይቀን ጥያቄ ያለን መልስ «የገዳዩ ምስጢር ይበልጣል» የሚል አይደለም። የገዳዩን ስልክ ለመክፈት ተብሎ የአንቺ እንዳይከፈት ነው ጭንቀታችን።

* * *

በአሜሪካ የነበረው ክርክር ለእኛ አስቸጋሪ የሚሆነው ሌላም ምክንያት ስላለ ነው። እዚያ ጠያቂና ተጠያቂ ሁለት ነበሩ። መንግሥት ጠየቀ፤ ኩባንያው እንቢ አለ፤ ዳኛ መሐል ቆመ፤ ሕዝቡ ሰማ። እኛ ዘንድ ግን እስከ መስከረም 2015 ዓ.ም. ድረስ፣ ሳፋሪኮም ሥራ እስኪጀምር፣ የስልክም የኢንተርኔትም ባለቤት አንድ መንግሥት ብቻ ነበር። ጠያቂውም ተጠያቂውም እሱው ነው። ሰው ራሱን እንዴት እንቢ ይላል?

በ2001 ዓ.ም. የወጣውና በኋላ በ2012 ዓ.ም. በሌላ የተተካው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 በአንቀጽ 14 ማንኛውም የመገናኛ አገልግሎት ሰጪ ለብሔራዊ መረጃና ደኅንነት የጠለፋ ሥራ እንዲተባበር ያስገድድ ነበር። ነገሩ ግን ቀኝ እጅ ግራ እጅን እንደማስገደድ ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች በመጋቢት 2006 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ የታሰሩ ሰዎች በምርመራ ወቅት የደወሏቸው ስልኮች ዝርዝር እየተነበበላቸው፣ የተነጋገሩትም እየተሰማላቸው ይጠየቁ እንደነበር ጽፏል። «ይኸ በስልክ አይወራም፤ በአካል ስንገናኝ» የሚለው የሁላችንም ልማድ ከሰማይ የወረደ አይደለም። እናት ለልጇ ስለ ጤና ስትነግር እንኳ ድምጿን ዝቅ የምታደርግበት አገር ውስጥ የኖርነው በዚህ ምክንያት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የማንኛውም ሰው ደብዳቤና የስልክ ግንኙነት እንደማይደፈር ሲደነግግ 1987 ዓ.ም. ነበር። ወረቀቱ ቀድሞ ደርሶ ልማዱ ግን ገና በመንገድ ላይ ነው።

የቁልፍ ፍቅር ራሱ ወንጀል ተደርጎ የተቆጠረበትንም ጊዜ አይተናል። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የዞን ዘጠኝ ጦማርያንን ጨምሮ ስድስት ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ፤ በሐምሌም በሽብርተኝነት ተከሰሱ። በክሱ ከተጠቀሱት ነገሮች አንዱ «ሴኪዩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» በሚባለው፣ ኮምፒዩተርንና መልእክትን ከጠላፊ መጠበቅ በሚያስተምረው መሣሪያ መሠልጠናቸው ነበር። ይህ መሣሪያ ማንም ከኢንተርኔት ላይ በነፃ የሚያገኘው ነው። ቤቱን የቆለፈ ሰው «የምትደብቀው ባይኖር ለምን ቆለፍህ?» ተባለ ማለት ነው። አምስቱ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ክሳቸው ተነሥቶ ተፈቱ፤ የቀሩትን ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ከሽብርተኝነቱ ክስ በነፃ አሰናበተ። ከአንድ ዓመት በላይ የታሰሩበትን ጊዜ ግን የሚመልስላቸው አልተገኘም።

እንግዲህ የኩባንያ እንቢታ ዋጋው እዚህ ላይ ይታያል። ኩባንያው ቅዱስ ስለሆነ አይደለም። መንግሥት የሚፈልገውን ለማግኘት ሌላ ሰው ደጅ መቆም፣ ምክንያቱን መናገር፣ ዳኛ ማሳመን ስላለበት ነው። መጠየቅ ያለበት መንግሥት ይታረማል። መጠየቅ የማያስፈልገው መንግሥት የዜጋውን አጥር ሲነቀንቅ የራሱን ግቢ የሚያጸዳ ይመስለዋል።

* * *

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ቀርቶናል። «ጓጉንቸሩ ሲጠነክር ዱላው ወደ ባለቤቱ ይዞራል» የሚል ነው። እውነት ነው። ኩባንያው መክፈት ካልቻለ፣ ቁጥሩ ያለው በባለስልኩ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው፤ ጣቱም ከእጁ ጋር ነው ያለው።

የአማራ ክልል መንገደኛ ይህን ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገውም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በታወጀውና በ2016 ዓ.ም. ጊዜው ባበቃው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ መፈተሽ ተፈቅዶ ነበር፤ የሞባይል ኢንተርኔትም በክልሉ ለወራት ተዘግቶ ቆይቷል። በኬላ አውቶቡስ ቆሞ «ውረዱ፤ ስልካችሁን አውጡ፤ ክፈቱ» መባልን የሚያውቅ መንገደኛ ጥቂት አይደለም። ጠያቂውም ሁልጊዜ የመንግሥት ወታደር ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ጠመንጃ የያዘ ሁሉ ይጠይቃል። ሰው ከመንገዱ በፊት ፎቶግራፉን ያጠፋል፤ መልእክቱን ይሰርዛል፤ ዘመናዊውን ስልክ ቤት ትቶ ባለ ቁልፉን ተራ ስልክ ይዞ ይወጣል። በእንዲህ ያለ ቦታ ላይ የካሊፎርኒያ መሐንዲስ የደከመበት ምስጠራ ምን ይሠራል? በአንድ ጥፊ ይከፈታል።

ይህ ተቃውሞ ግን እንደ እኔ ግምት ክርክሩን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። በኬላ ላይ «ክፈት» የተባለ ሰው ቢያንስ መጠየቁን ያውቃል። የጠየቀውን ሰው ፊት አይቷል። ቢፈራም፣ ቢከፍትም፣ በኋላ ለዳኛም ለጋዜጠኛም ለልጆቹም «እንዲህ ተደረግሁ» ሊል ይችላል። «በሕግ አምላክ!» የሚለው የአባቶቻችን ቃል የሚሠራው ባለጋራ ፊት ለፊት ሲቆም ነው። ለማይታይ እጅ በሕግ አምላክ አይባልም። ጠንካራ ጓጉንቸር ደካማውን ሰው ከዱላ አያድነውም፤ ዱላው ግን በጨለማ እንዳይሰነዘር ያደርጋል። ከዱላው ማዳን የሕግ ሥራ ነው፤ ሕግ ደግሞ የሚፈርደው በታየ ነገር ላይ ነው።

ለዚህም የሚሆን ሕግ አጥተን አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 33 የመበርበሪያ ማዘዣ የሚፈለገውን ዕቃ ለይቶ እንዲጠቅስ ያዝዛል፤ መርማሪው ከተጠቀሰው ውጭ እንዳይወስድ ይከለክላል፤ ፍርድ ቤት ካልፈቀደ በቀርም ብርበራው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታው 12 ሰዓት ብቻ እንዲሆን ይወስናል። ይህን የጻፉ ሰዎች ስለ ስልክ አላሰቡም፤ ስለ ሰው ግን አስበዋል። ማዘዣው «የተሰረቀውን በሬ» ካለ የሚስትየው ሳጥን አይከፈትም። ለስልክም ያው ነው፦ የምን ቀን መልእክት፣ ከማን ጋር የተደረገ፣ በየትኛው ወንጀል ምክንያት? «ስልኩን» ብቻ የሚል ማዘዣ «ኑሮውን በሙሉ» እንደ ማለት ነው።

ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 19 እና 20 የተያዘ ሰው በራሱ ላይ እንዲናገር አይገደድም ይላል። የምስጢር ቁጥርን መናገር በራስ ላይ መናገር ነው ወይስ ቁልፍ ማቀበል? በዓለም ላይ ሊቃውንት ይጣሉበታል፤ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ሕግ ቁጥሩን አልናገርም ያለን ሰው እስከ ሁለት ዓመት፣ የአገር ደኅንነት ጉዳይ ከሆነ እስከ አምስት ዓመት ያስራሉ። እኔ ግን ከአንደበት የሚወጣ ነገር ሁሉ ቃል ነው ባይ ነኝ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና፣ ሰውን አስገድዶ ወደ አፋፉ መግፋት ተገቢ አይደለም።

* * *

እንግዲህ ወደ ርእሱ እንመለስ። «ክፈት» ሲባል ማን ይክፈት?

መንግሥት በዳኛ ፊት ቀርቦ፣ ምክንያቱን ተናግሮ፣ የሚፈልገውን ለይቶ፣ አንዱን ስልክ በራሱ ዕውቀት ለመክፈት ይሞክር። ቢከፈትለት መልካም። ኩባንያውንም በእጁ ያለውን መዝገብ፣ ስሙ ተጠርቶ በተጠረጠረ ሰው ላይ ብቻ፣ በማዘዣ ይጠይቀው። ለሁሉም የሚሆን መክፈቻ ሥራ ብሎ ግን አያስገድደው። ባለቤቱንም አይደብድበው።

ይህ አቋም ዋጋ አለው፤ ዋጋውን አለመናገር ደግሞ አንባቢን መሸንገል ነው። የማይከፈቱ ስልኮች ይኖራሉ። ከነሱም መሐል አንዱ የእውነተኛ ወንጀለኛ ይሆናል። መርማሪው በእግሩ መሄድ፣ ምስክር መፈለግ፣ ዱካ መከተል ይኖርበታል፤ አንዳንዴም ባዶ እጁን ይመለሳል። ከራንች መጠለያ የመጣችው እናት ፊት ይህን መናገር ከባድ ነው። ቢሆንም በእሷ ስም የሚሠራው መክፈቻ አንድ ቀን ወደ እሷ እንደሚዞር እያወቁ ዝም ማለት የባሰ ክፋት ነው።

ሹማምንት ይቀያየራሉ። ዛሬ «ለበጎ ነው» ብሎ ቁልፉን ያሠራው ሰው ነገ ከወንበሩ ይነሣል፤ ቁልፉ ግን ወንበሩ ላይ ይቀራል። ያን ጊዜ እሱም እንደ ማንኛውም መንገደኛ ከአውቶቡስ ወርዶ ተራውን ይጠብቃል። የአገራችን የቅርብ ጊዜ ታሪክ ይህን ደጋግሞ አሳይቶናል፤ የትናንት አሳሪ ዛሬ ታሳሪ ሲሆን ያላየ ኢትዮጵያዊ የለም። ስለዚህ ሕግ የሚያወጣ ሰው ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ራሱን አንድ ነገር ይጠይቅ፦ ይህ ቁልፍ በጠላቴ እጅ ቢገባ፣ የእኔን አጥር የሚያስከብረው ምንድን ነው?